አርተር አሽ

አርተር ሮበርት አሽ (ሐምሌ 3 ቀን 1935 ዓ.ም. – ጥር 29 ቀን 1985 ዓ.ም.፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጁላይ 10 ቀን 1943 – ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1993) የዩናይትድ ስቴትስ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች፣ ጸሐፊና የሰብዓዊ መብት ተሟጋች ነበር። የዩኤስ ኦፕንን፣ የአውስትራሊያ ኦፕንንና የዊምብልደንን የወንዶች ነጠላ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው። በ1983 ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በተሰጠው ደም ምክንያት በኤች አይ ቪ ተይዞ በ49 ዓመቱ ከኤድስ ጋር በተያያዘ የሳንባ ምች ሞተ። የአሽ ታሪክ ከስፖርቱ ሌላ፣ ሕይወት ለማዳን ከሰው ወደ ሰው የሚሰጥ ደም፣ ኅብረ ሕዋስ ወይም የአካል ክፍል ያልታወቀ ቫይረስ ይዞ ሲሄድ የሚደርሰውን ጉዳት ለብዙ ሰው ያሳየ ሆኖ ይታወሳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

አሽ የተወለደው የቨርጂኒያ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በሪችመንድ ነው። በዚያን ጊዜ ከተማይቱ በዘር ልዩነት ሕግ ትተዳደር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ፣ አውቶቡሱና የመጫወቻ ሜዳው ለነጭና ለጥቁር የተለያየ ነበር። አባቱ፣ እርሳቸውም አርተር አሽ የሚባሉት፣ ብሩክ ፊልድ የተባለውን ለጥቁሮች ብቻ የተመደበ ትልቅ መናፈሻ የሚጠብቁ ሠራተኛ ነበሩ። ቤተሰቡም የሚኖረው እዚያው መናፈሻው ውስጥ ነበር። እናቱ ማቲ ገና በአራት ዓመቱ ማንበብ አስተምረውት ነበር፤ ነገር ግን በ1950፣ እርሱ 6 ዓመቱ ሳለ፣ በ27 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚያ በኋላ እርሱንና ታናሽ ወንድሙን ጆኒን ያሳደጉት በጥብቅ ሥርዓታቸው የሚታወቁት አባታቸው ናቸው።

ከቤታቸው ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ አራት የቴኒስ ሜዳዎች ነበሩ። ትንሹ አርተር በ7 ዓመቱ ራኬት መያዝ ጀመረ። ሰውነቱ ቀጭን ስለ ነበር አባቱ እግር ኳስ መሰሉን የአሜሪካ ጨዋታ እንዳይጫወት ከልክለውት ነበር። በመናፈሻው ቴኒስ ያስተምር የነበረው ወጣቱ ሮን ቻሪቲ የልጁን ተሰጥኦ አይቶ አሠለጠነው፤ ቀጥሎም በሊንችበርግ ከተማ ለሚኖሩት ለዶክተር ሮበርት ዋልተር ጆንሰን አስተዋወቀው። ዶክተር ጆንሰን ጥቁር ሐኪም ሲሆኑ በግቢያቸው የቴኒስ ሜዳ ሠርተው ጥቁር ልጆችን ያሠለጥኑ ነበር። በ1957 ዊምብልደንን ያሸነፈችው አልቲያ ጊብሰንም ከእርሳቸው ዘንድ የሠለጠነች ናት።

አሽ ከ1953 ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ሊንችበርግ ይሄድ ነበር። ዶክተር ጆንሰን ከአመታቱ ባልተናነሰ ጠባይን ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው በሜዳ ላይ እንዳይቆጡ፣ ከዳኛ ጋር እንዳይከራከሩ፣ ከመስመር በትንሹ የወጣችን ኳስም እንደገባች ቆጥረው እንዲመልሱ ያስገድዷቸው ነበር። ምክንያቱም ጥቁር ልጆችን ከውድድር ለማስወጣት ሰበብ ለሚፈልጉ ሰዎች ቀዳዳ ላለመተው ነው። አሽ በኋላ በዓለም ዘንድ የታወቀበት ዝምታና እርጋታ የመጣው ከዚህ ሥልጠና ነው።

ያም ሆኖ በሪችመንድ የነጮች ውድድር ላይ መግባት አልተፈቀደለትም፤ በክረምት የሚያገለግሉት ባለ ጣሪያ ሜዳዎችም ለእርሱ ዝግ ነበሩ። በዚህ ምክንያት በ1960 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የመጨረሻ ዓመት ለመማር ወደ ሚዙሪ ግዛት ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ።

ትምህርት፣ ውትድርናና የ1968 ድል

ከሴንት ሉዊስ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠው። በ1963 ለዩናይትድ ስቴትስ የዴቪስ ዋንጫ ቡድን የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በ1965 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የነጠላ ውድድር አሸነፈ፤ በ1966ም በንግድ ሥራ አስተዳደር ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ በጦር ሠራዊቱ በመኮንንነት አገለገለ። የተመደበው በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሲሆን እዚያም የቴኒስ ፕሮግራሙን ይመራ ነበር። ወንድሙ ጆኒ ግን በቬትናም ጦርነት ላይ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጊዜ ወደ ጦር ግንባር የማይላኩ መሆኑን በማወቅ፣ ጆኒ የአገልግሎት ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ በፈቃዱ ለሁለተኛ ጊዜ በቬትናም ቆየ። ወንድሙ በቴኒሱ እንዲቀጥል ሲል ያደረገው ነው።

በ1968 አሽ የአሜሪካን የአማተሮች ሻምፒዮና አሸነፈ። በዚያው ዓመት አማተሮችና ባለሙያዎች አብረው እንዲጫወቱ በተፈቀደበት በመጀመሪያው ዩኤስ ኦፕን ሆላንዳዊውን ቶም ኦከርን በአምስት ዙር ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ገና አማተር ስለ ነበር 14,000 ዶላሩን ሽልማት መቀበል አልቻለም፤ ገንዘቡ ለተሸናፊው ለኦከር ተሰጠ። ለአሽ የደረሰው በቀን 20 ዶላር የሚታሰብ አበል ብቻ ነው። በ1970 ደግሞ የአውስትራሊያ ኦፕንን አሸነፈ።

በ1969 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የድኻ ሰፈር ልጆች ቴኒስ የሚማሩበት ማኅበር አቋቋመ። በ1972 የባለሙያ ቴኒስ ተጫዋቾች ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ በኋላም ፕሬዚዳንቱ ሆነ።

ከአፍሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት

አሽ በ1969 በደቡብ አፍሪካ ውድድር ለመጫወት ቪዛ ቢጠይቅ የአፓርታይድ መንግሥት በቆዳው ቀለም ምክንያት ከለከለው። ጥያቄውን እየደጋገመ ከቆየ በኋላ በ1973 ተፈቀደለት። ከመሄዱ በፊት ተመልካቾች በዘር ተለያይተው እንዳይቀመጡ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። በዚያ ውድድር በነጠላው ፍጻሜ በጂሚ ኮነርስ ተሸነፈ፤ በጥንዱ ግን ከቶም ኦከር ጋር አሸነፈ። መሄዱን የተቃወሙ ብዙ ጥቁሮች ነበሩ። እርሱም በኋላ ለአፓርታይድ አገር የሚጠቅመው ጉብኝት ሳይሆን ማዕቀብ ነው ወደሚለው ሐሳብ መጣ። በ1983 ከዘፋኙ ከሃሪ ቤላፎንቴ ጋር የኪነ ጥበብ ሰዎችንና ስፖርተኞችን በአፓርታይድ ላይ የሚያስተባብር ማኅበር መሠረተ፤ በ1985ም በዋሽንግተን በደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ደጅ ሰልፍ ሲያደርግ ታሰረ።

በ1971 ደግሞ አፍሪካን በመጎብኘት ላይ ሳለ በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ሲጫወት አየ። ስለ ልጁም ለፈረንሳይ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሰው ለፊሊፕ ሻትሪዬ ነገረ። ልጁ ያኒክ ኖዋ ይባል ነበር፤ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ተምሮ በጁን 1983 የፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፈ።

ዊምብልደን 1975

አሽ በጁላይ 5 ቀን 1975፣ 32 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው፣ በዊምብልደን ፍጻሜ ከኮነርስ ጋር ተገናኘ። ኮነርስ 22 ዓመቱ ሲሆን ያለፈው ዓመት አሸናፊ ነበር፤ ከዚያ በፊት በተገናኙባቸው ጨዋታዎች ሁሉ አሽን ረትቶት ነበር። አሽ በኃይል የመምታት ልማዱን ትቶ ኳሷን ዝቅና ቀስ እያደረገ፣ ወደ ሜዳው ጠርዝም እየላከ ተጫወተ። ኃይለኛ ኳስን መልሶ በኃይል መምታት የለመደው ኮነርስ የሚጠቀምበት ፍጥነት አጣ። አሽ 6–1፣ 6–1፣ 5–7፣ 6–4 አሸነፈ። በየዙሩ ዕረፍት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያስብ የታየበት ምስል ዝናው ሆኖ ቀረ።

በፌብሩዋሪ 1977 ፎቶግራፍ አንሺዋን ጂን ሙቱሳሚን አገባ።

የልብ ሕመምና ሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች

አሽ ስፖርተኛ፣ ቀጭንና ሲጋራ የማያጨስ ቢሆንም የልብ ሕመም በቤተሰቡ ውስጥ ነበረ። በጁላይ 1979፣ በ36 ዓመቱ፣ በኒው ዮርክ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያዘው። በዲሴምበርም የተዘጉ አራት የልብ ደም ሥሮችን የሚተካ የባይፓስ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በባይፓስ ሐኪሙ ከበሽተኛው እግር ወይም ደረት የደም ሥር ወስዶ በተዘጋው ቦታ ዙሪያ አዲስ መተላለፊያ ያበጅለታል። አሽ ወደ ሜዳ ለመመለስ ቢሞክርም የደረት ሕመሙ ስለ ተመለሰ በኤፕሪል 1980 ከውድድር ተሰናበተ። ከ1981 እስከ 1985 የአሜሪካ የዴቪስ ዋንጫ ቡድን አለቃ ሆኖ ሠራ፤ ቡድኑም በ1981 እና በ1982 ዋንጫውን ወሰደ።

በጁን 1983 ለሁለተኛ ጊዜ የባይፓስ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰውነቱ በጣም ስለ ደከመ ቶሎ እንዲያገግም ሁለት ዩኒት ደም ተሰጠው። ቫይረሱ የገባው ያን ጊዜ እንደ ሆነ እርሱም ሐኪሞቹም በኋላ አመኑ።

ያልተመረመረው ደም

ኤድስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው በጁን 1981 በአሜሪካ ነው። በ1982 በሽታው ደም የማይረጋላቸው ሰዎች በሚወስዱት መድኃኒት፣ በዓመቱ መጨረሻም ደም በተሰጠው ሕፃን ላይ ታየ። ስለዚህ በደም ሊተላለፍ እንደሚችል አሽ ቀዶ ሕክምና ከማድረጉ በፊት ተጠርጥሮ ነበር። የአሜሪካ የጤና ባለ ሥልጣናት በማርች 1983 ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሰዎች ደም ከመስጠት እንዲቆጠቡ መክረዋል። ከዚህ ያለፈ መከላከያ ግን አልነበረም። ቫይረሱን በፓሪስ የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች ለይተው ያሳተሙት በሜይ 1983፣ ከአሽ ቀዶ ሕክምና አንድ ወር ገደማ በፊት ነው። በተለገሰ ደም ውስጥ የሚፈልገው የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ምርመራ በአሜሪካ የተፈቀደው ደግሞ በማርች 1985 ነው።

በእነዚህ ዓመታት በደም ባንኮች ያለፈው ደም ለደም ዓይነት፣ ለቂጥኝና ለሄፓታይተስ ቢ ይመረመር ነበር፤ ለኤች አይ ቪ ግን መመርመሪያ አልነበረም። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ስለሚቆይ ለጋሹም ራሱን ጤነኛ አድርጎ ያስባል። በአሜሪካ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ ተያዙ። ከእነርሱም አንዱ በ1983 መጨረሻ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገው ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ ነው፤ የሞቱ ምክንያት ለሕዝብ የተገለጸው በ1992 ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

የ1988 ምርመራ

አሽ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አምስት ዓመት ያለ ምልክት ኖረ። በ1985 በዓለም አቀፉ የቴኒስ የዝና አዳራሽ ስሙ ተመዘገበ። በዲሴምበር 1986 የተወለደችውን ሕፃን ከሚስቱ ጋር በማደጎ ተቀብሎ ካሜራ ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙ ከእናትዋ ሙያ የተወሰደ ነው። በ1988 የአሜሪካ ጥቁር ስፖርተኞችን ታሪክ በሦስት ቅጽ አሳተመ። ይህን ሥራ የጀመረው በኮሌጅ ለሚያስተምረው ትምህርት መጽሐፍ ፈልጎ ስላጣ ነው።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት በበጋው መጨረሻ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪሞች አንጎሉ ውስጥ እብጠት አገኙ፤ በኒው ዮርክም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ቶክሶፕላዝሞሲስ መሆኑን አሳየ። ይህ በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ተሕዋሱ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አካል ውስጥ ሳይጎዳ ይኖራል፤ አንጎልን የሚያጠቃው የመከላከል አቅም ሲዳከም ነው። የደም ምርመራውም ኤድስ እንዳለበት አረጋገጠ። ሚስቱና ልጁ ተመርምረው ነፃ ሆነው ተገኙ።

በዚያን ጊዜ የነበረው መድኃኒት በ1987 የተፈቀደው ኤዜድቲ ነው። እርሱንም ከሌሎች በርካታ መድኃኒቶች ጋር በየቀኑ ይወስድ ነበር። ብዙ መድኃኒቶችን አጣምሮ ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ የሚያፍነው ሕክምና በስፋት የመጣው በ1996፣ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

የምስጢሩ ዓመታት

አሽና ሚስቱ ሕመሙን ከቅርብ ዘመድና ከጥቂት ወዳጆች በቀር ለማንም ላለመንገር ወሰኑ። ያን ጊዜ ኤድስ ያለበት ሰው ከሥራ ይባረር፣ ከጎረቤት ይገለል፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ይባረሩ ነበር። ለአሽ ዋናው ጭንቀት ካሜራ ነበረች። ገና ልጅ ስለ ሆነች ነገሩን ከእርሱ አፍ ሳትሰማ ከውጭ እንዳትሰማው ፈራ። ምስጢሩን ያወቁት ወዳጆቹ፣ ጋዜጠኞችም ጭምር፣ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ጠበቁለት። እርሱም በቴሌቪዥን ቴኒስ እየተነተነ፣ እየጻፈና በየከተማው እየተናገረ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1991ም የአፓርታይድ መፍረስ የተጀመረባትን ደቡብ አፍሪካ ጎበኘ።

በኤፕሪል 1992 ዩኤስኤ ቱደይ የተባለው ጋዜጣ ወሬውን ሰምቶ ጠየቀው። አሽ አላመነምም አልካደምም፤ ነገር ግን ጋዜጣው መጠየቁን እንደማያቆም ስለ ተረዳ ራሱ ሊናገር ወሰነ። በኤፕሪል 8 ቀን 1992 በኒው ዮርክ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ኤድስ እንዳለበት፣ የመጣውም በ1983 በተሰጠው ደም እንደ ሆነ አስታወቀ። ጽሑፉን በእርጋታ ሲያነብ ቆይቶ ስለ ልጁ ወደሚናገረው ክፍል ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ። ሚስቱ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችለት። በሜዳ ላይ ስሜቱን የማያሳየው ሰው በሕዝብ ፊት ሲያለቅስ የታየው ያን ቀን ነው።

ይህ ክስተት በአሜሪካ ስለ ግል ሕይወት ትልቅ ክርክር አስነሣ። አንዳንዶቹ የታወቀ ሰው ጤንነት ዜና ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ አሽ ሥልጣን የያዘ ሰው ስላልሆነና ሕመሙ ማንንም የማይጎዳ ስለ ሆነ የመናገሩ መብት የእርሱ ብቻ ነበር ሲሉ ተቃወሙ። ብዙ አንባቢዎችም ለጋዜጣው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ።

የመጨረሻዎቹ አሥር ወራት

አሽ ምስጢሩ ከወጣ በኋላ የቀረውን ጊዜ ለትምህርትና ለገንዘብ ማሰባሰብ አዋለው። ኤድስን ለማሸነፍ የሚሠራ ፋውንዴሽን አቋቁሞ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ ዓላማ አደረገ፤ ታላላቅ የቴኒስ ተጫዋቾችም በዩኤስ ኦፕን ዋዜማ ለዚሁ ተጫወቱ። በሴፕቴምበር 1992 የሄይቲ ስደተኞች የሚመለሱበትን ፖሊሲ በመቃወም በዋይት ሀውስ ደጅ ሰልፍ ወጥቶ ታሰረ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ቀላል የልብ ሕመም አጋጠመው። በዲሴምበር 1 ቀን 1992፣ በዓለም የኤድስ ቀን፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ንግግር አደረገ። በዚያው ወር በከተማ ድኻ ሰፈሮች ጤና ላይ የሚሠራ ተቋም መሠረተ። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔትም የዓመቱ ስፖርተኛ ብሎ መረጠው።

በደም የተያዙትን ንጹሕ፣ በሌላ መንገድ የተያዙትን ደግሞ ጥፋተኛ አድርጎ የሚለየውን አነጋገር አልተቀበለም። ከምሁሩ ከአርኖልድ ራምፐርሳድ ጋር በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፣ በሕመሙ ምክንያት ለምን እኔ ብሎ ቢያማርር በድሎቹም ጊዜ ያንኑ መጠየቅ ይገባው እንደ ነበር አስረድቷል። ከኤድስ ይልቅ ጥቁር ሆኖ በአሜሪካ መኖር የከበደ ሸክም እንደ ሆነበትም ገልጿል። መጽሐፉን ጨርሶ ብዙም ሳይቆይ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1993 በኒው ዮርክ ሞተ። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ታተመ።

ከለጋሽ ወደ ተቀባይ

አሽን የገደለው ችግር በደም ብቻ የሚወሰን አይደለም። በደም የሚተላለፍ ቫይረስ በኩላሊት፣ በጉበት፣ በልብና በአጥንት ንቅለ ተከላም ሊተላለፍ ይችላል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን የአካል ክፍል እንዳይጥለው የመከላከል አቅሙን የሚቀንስ መድኃኒት ስለሚወስድ ከለጋሹ የመጣ ቫይረስ ይበልጥ ይጎዳዋል።

የ1985 ምርመራ ችግሩን በእጅጉ ቢቀንስም ፈጽሞ አላጠፋውም። በዚያው ዓመት በአሽ የትውልድ ግዛት በቨርጂኒያ የሞተ አንድ ለጋሽ ተመርምሮ ነፃ ስለ ተባለ የአካል ክፍሎቹና ኅብረ ሕዋሱ ለብዙ በሽተኞች ታደለ። በ1991፣ አሽ ሕመሙን ደብቆ በሚኖርበት ጊዜ፣ አጥንት ከተሰጣቸው አንዱ በቫይረሱ ተይዞ በመገኘቱ ምርመራ ተጀመረ። ከተቀባዮቹ 48 ተለይተው 41 ተመረመሩ። የአካል ክፍል የተቀበሉት አራቱም፣ ያልታጠበ የቀዘቀዘ አጥንት የተቀበሉት ሦስቱም ተይዘው ተገኙ። የዓይን ብሌን፣ እንዲሁም በአልኮል የታጠበ፣ በጨረር የታከመ ወይም በሌላ መንገድ የተዘጋጀ ኅብረ ሕዋስ የተቀበሉት 34 ሰዎች ግን ነፃ ነበሩ።

ለጋሹ በምርመራ ያልተያዘው የዚያን ጊዜ ምርመራ ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሚያመርተውን አንቲቦዲ ስለሚፈልግ ነው። ሰው ቫይረሱ ከገባበት በኋላ አንቲቦዲው እስኪበቃ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። የመስኮት ወቅት በሚባለው በዚህ ጊዜ ምርመራው ነፃ ነው ይላል፤ ደሙ ግን ያስተላልፋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራ ተጨምሮ ይህ ወቅት ወደ አሥር ቀን ገደማ አጠረ። ቢሆንም የሞተ ሰው ልብ ወይም ጉበት ከጥቂት ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ሐኪሞች ሁሉንም ቫይረስ ፈልገው የሚጨርሱበት ጊዜ የላቸውም። በ2002 በአሜሪካ ከአንድ ለጋሽ የአካል ክፍል የወሰዱ አራት ሰዎች በዌስት ናይል ቫይረስ ተያዙ፤ ለጋሹ ራሱ ቫይረሱን ያገኘው ከመሞቱ በፊት ከተሰጠው ደም ነበር። በ2004 ደግሞ ከአንድ ለጋሽ የተቀበሉ አራት ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ሞቱ። ስለዚህ ሐኪሙ ከምርመራው ሌላ የለጋሹን የሕይወት ታሪክ ከቤተሰቡ ይጠይቃል፤ ተቀባዩም ስጋቱን አውቆ እንዲፈቅድ ይነገረዋል።

በሌላ በኩል መድኃኒቱ እየተሻለ በመሄዱ ቫይረሱ ያለበት አካል ሁሉ አይጣልም። አሽ በተደጋጋሚ በተመላለሰባት በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን፣ ከ2008 ጀምሮ ኤች አይ ቪ ካለበት ለጋሽ የተወሰደ ኩላሊት ቫይረሱ ላለባቸው በሽተኞች መተከል ተጀመረ። በአሜሪካም ይህን የሚፈቅድ ሕግ በ2013 ወጣ።

ቀብርና መታሰቢያ

የአሽ አስከሬን በሪችመንድ በቨርጂኒያ ገዥ መኖሪያ ቤት ለስንብት ተቀመጠ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በብርድ ተሰልፈው ተሰናበቱት። የቀብሩ ሥርዓት የተፈጸመው በሪችመንድ በስሙ በተሰየመው የስፖርት አዳራሽ ሲሆን፣ የተቀበረውም በውድላንድ መካነ መቃብር በእናቱ አጠገብ ነው። በጁን 1993 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት፣ የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳይ፣ ከሞተ በኋላ ሰጡት።

በ1996 በሪችመንድ ሞኑመንት አቬኑ ላይ ሐውልቱ ቆመ። ጎዳናው እስከዚያ ድረስ የደቡብ ጦር መሪዎች ሐውልቶች ብቻ የቆሙበት ስለ ነበር ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሐውልቱ አሽን በአንድ እጁ መጻሕፍት፣ በሌላው ራኬት ከፍ አድርጎ በልጆች ተከብቦ ያሳያል። የጦር መሪዎቹ ሐውልቶች በ2020 እና በ2021 ሲነሡ የአሽ በቦታው ቀረ። በኒው ዮርክ የዩኤስ ኦፕን ዋና ስታዲየም በ1997 ሲከፈት አርተር አሽ ስታዲየም ተባለ፤ በየዓመቱም በውድድሩ ዋዜማ በስሙ የልጆች ቀን ይከበራል።